የ350 ብር ኮቨር፣ የ250 ብር ዴሊቨሪ፦ ብሩ የት ይሄዳል?

ቴሌግራም ቻናል ላይም ሆነ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ሥር ከ"ዋጋ?" ቀጥሎ የሚጻፈው ጥያቄ "ዴሊቨሪ ስንት ነው?" የሚለው ነው። መልሱ ሲመጣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይጠፋል። በኢንቦክስ ከምትልኩልን ጥያቄዎችም አንዱ ይሄው ነው፤ "ዕቃው ርካሽ ሆኖ ማድረሻው ለምን እንዲህ ይወደዳል? እየተበላን ነው እንዴ?"

እንበልና የስልክ ኮቨር በ350 ብር አያችሁ። ሻጩ መርካቶ ነው፣ እናንተ አያት ናችሁ። "ዴሊቨሪ 250" ይላችኋል። በድምሩ 600 ብር። ኮቨሩን የሠራው ፋብሪካ፣ አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩና ቻናሉ ላይ የለጠፈው ልጅ ለአራት ሆነው 350 ብር ሲካፈሉ አንድ ሞተረኛ ብቻውን 250 ብር ወሰደ ማለት ነው። "ይሄማ ዘረፋ ነው" ብሎ ኮሜንት የሚጽፈውን ሰው እንረዳዋለን። ግን ሒሳቡን አብረን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድናቸው ስለሆኑ በእናንተ ሰፈር ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ሞተረኛው የያዘው ዕቃ ስንት ብር እንደሚያወጣ ለመንገዱ ለውጥ የለውም። ኮቨር ይሁን የ30 ሺህ ብር ስልክ፣ መርካቶና አያት አይቀራረቡም። ስልክ ለገዛ ሰው 250 ብር ትዝም አትለውም። ሊፕስቲክ፣ ኢርፎን፣ ቻርጀር፣ አንድ ቲሸርት ለሚገዛ ሰው ግን እንደ ግብር ናት፤ ያውም ትንሽ የሚገዛው ብዙ የሚከፍልበት ግብር። ለዚህ ነው ነገሩ ተማሪዎችንና ገና ደሞዝ የጀመሩ ልጆችን ይበልጥ የሚያንገበግበው።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። ከመርካቶ አያት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ 30 ምናምን ይሆናል። ከተማ ውስጥ የሚሠራ ባለ 125 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር በአንድ ሊትር ቤንዚን 35፣ ቢበዛ 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። የአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ደግሞ ጥር 2017 ላይ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ከ250 ብሩ ከ100 ብር በላይ የሚሆነው ሞተሩ ሳይነሳ ነዳጅ ሆኗል። ከቀረው ላይ የዘይት ቅያሬ፣ ጎማ፣ የካርድ፣ የማኅበር መዋጮ ይነሳል። ሞተሩ የራሱ ካልሆነ የባለቤቱ ድርሻ አለ፤ በዴሊቨሪ ድርጅት በኩል የሚሠራ ከሆነም ድርጅቱ የራሱን ይቆርጣል።

ፈቃድም አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከወንጀል ጋር አያይዞ በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ መጣሉ ይታወሳል። ሥራው ከዚያ በኋላ ፈቃድና ማኅበር የሚጠይቅ ሆነ። ሞተር ያለው ሁሉ ዛሬ ተነስቶ ዴሊቨሪ ልሥራ ማለት አይችልም፤ ይህም ዋጋው ላይ የራሱ ጫና አለው።

ዋናው ወጪ ግን ነዳጁ አይደለም። ጊዜው ነው።

ሞተረኛው መርካቶ ገብቶ ሱቁን ይፈልጋል። ሻጩ "ሁለት ደቂቃ፣ እያሸግኩት ነው" ይለዋል፤ ሁለት ደቂቃ ስንት እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ አያት ይደርስና ይደውላል። "የት ጋ ነህ?" "ከአደባባዩ ወረድ ብለህ..." "የትኛው አደባባይ?" "ፋርማሲ ይታይሃል?" "ሁለት ፋርማሲ አለ።" "ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ጋ ቁም፣ እየመጣሁ ነው።" እየመጣሁ ነው ያለው ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከእኛም ውስጥ ይህን ያላደረገ የለም።

እንዲህ ያለ አንድ ጉዞ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ በቀን አራት ወይም አምስት ቢሠራ ነው። ከነዳጅ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ጉዞ 130 ወይም 140 ብር ቢተርፈው፣ አምስቱ ተደምረው ከ700 ብር አይበልጡም። ዘይቱም፣ ጎማውም፣ መዋጮውም፣ የራሱ ምሳም ከዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ለጥያቄያችሁ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው፤ ሞተረኛው እየበላችሁ አይደለም። ውድ የሆነው ሥራው የተደራጀበት መንገድ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ሙሉ ጉዞ፣ ለአንድ ኮቨር።

ሌላው ዓለም ጋ ርካሽ የሚሆነው ለምንድነው ለሚለው መልሱ ፖስተኛው ነው። የቤት ለቤት ፖስታ ባለበት አገር ፖስተኛው እናንተ ዕቃ አዘዛችሁም አላዘዛችሁም በዚያ መንገድ ያልፋል። ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የጎረቤት ጥቅል ይዞ ነው የሚሄደው። የእናንተ ኮቨር በዚያ ቦርሳ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ብቻ ናት፤ የእግሩን ዋጋ መቶ ሰው ተካፍሎታል።

የኛ ፖስታ ወጣት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም በ1901 ዓ.ም. ነው። ግን የተገነባው በፖስታ ሳጥን ላይ ነው። ደብዳቤያችሁን ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ እንጂ በር ድረስ አይመጣላችሁም። የማንኛውንም መሥሪያ ቤት ማኅተም ወይም ደብዳቤ ብታዩ "ፖ.ሣ.ቁ." የሚል አለ፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ የለም። የቤት ቁጥር በወረዳ ደረጃ ቢኖርም ሞተረኛ እሱን ይዞ ቤታችሁን ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ኦንላይን ግዢ በቴሌግራም ሲመጣ የሚጠጋበት የተዘጋጀ የማድረሻ መስመር አልነበረም። ክፍያው ተፈታ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብር መላክ የሰከንድ ሥራ ነው። ዕቃው ግን አሁንም "ሰማያዊ በር ጋ ቁም" ላይ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው እንግባ። መበላት አለ ወይ? አለ። ግን በሞተሩ በኩል ሳይሆን በሌላ በኩል ነው።

አንዱ "ነጻ ዴሊቨሪ" የሚለው ነው። ነጻ ዴሊቨሪ የለም፤ ማንም በነጻ ነዳጅ አይቀዳም። ማድረሻው ዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ እንዲያውም የመጨረሻውን ዋጋ አንዴ ስለሚነግራችሁ ከ"ዴሊቨሪ ለብቻ" ይሻላል። ችግሩ ሁለትና ሦስት ዕቃ ስትገዙ ነው። 350 የነበረው ኮቨር "በነጻ ዴሊቨሪ" 550 ሆኖ ከተለጠፈና ሦስት ከገዛችሁ፣ ለአንድ ጉዞ 600 ብር ከፈላችሁ። ሞተሩ የመጣው አንዴ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ስትገዙ "ዴሊቨሪው ለብቻው ተነስቶ ስንት ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሻጭ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሒሳቡን ያውቀዋል።

ሁለተኛው "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚሉት ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለንም፤ አንወደውም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ዋጋ የማይጽፍ ሻጭ ብዙ ጊዜ የማድረሻውንም የሚነግራችሁ ሰፈራችሁን ከጠየቀ በኋላ ነው። "የት ነሽ?" ሲልሽ ቦሌ ብለሽ ስትመልሺና ኮልፌ ብለሽ ስትመልሺ የሚመጣው ዋጋ ልዩነት ሁልጊዜ የኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ሻጩ ለሞተረኛው 180 ከፍሎ እናንተን 250 የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ይሄን የምታውቁበት ቀላል መንገድ ሞተረኛውን ስንት እንደተከፈለው በትህትና መጠየቅ ነው፤ አብዛኞቹ አይደብቁም።

ሦስተኛው ግን ማጭበርበር ነው፣ በደንብ አንብቡት።

ሻጮች የሚፈሩት ነገር አለ፤ ዕቃው ተልኮ ገዢው ስልኩን ማጥፋቱ። "ሐሳቤን ቀየርኩ"፣ "ፎቶው ላይ እንደዚህ አይመስልም"፣ ወይም በቃ ዝም። ሞተረኛው የሄደበትንም የተመለሰበትንም ይጠይቃል፤ ሻጩ ምንም ሳይሸጥ ከኪሱ ይከፍላል። ትንሽ ትርፍ ላይ ለሚሠራ ልጅ በሳምንት ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ጉዞ ማለት የሳምንቱ ትርፍ ማለት ነው። ስለዚህ "የዕቃውን ሲደርስህ ትከፍላለህ፣ የዴሊቨሪውን ግን አስቀድመህ ላክ" የሚል አሠራር መጣ። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ ሐቀኛ ሻጮችም ይጠቀሙበታል።

አጭበርባሪዎቹ ይህን ቀዳዳ አገኙት። የሌሎችን ቻናል ፎቶ ገልብጠው ይለጥፋሉ፣ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ፣ "200 ብር ለዴሊቨሪ ብቻ" ይሏችኋል። ትልካላችሁ። ብሎክ። 200 ብር ስለሆነች ፖሊስ ጋ አትሄዱም፤ ባንክም አትደውሉም፤ ትረግሙና ትተዋላችሁ። እነሱም የሚተማመኑት በዚህ ነው። ከ50 ሰው 200 ብር ከወሰዱ 10 ሺህ ነው፤ አንድም ኮቨር ሳይገዙ፣ አንድም ሞተር ሳይልኩ።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የተከታይ ብዛት አትመኑ፣ ይገዛል። ቻናሉ መቼ እንደተከፈተ ወደ ላይ ሄዳችሁ የመጀመሪያውን ፖስት እዩ። ኮሜንት ተዘግቶ ከሆነ ተጠንቀቁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቪዲዮ መጠየቅ ነው፤ "ኮቨሩን ከዛሬው ቀንና ከስሜ ጋር በወረቀት ጽፈህ አጭር ቪዲዮ ላክልኝ።" ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ይሠራዋል። ሌላው መንገድ የዴሊቨሪውን ብር ለሻጩ ሳይሆን ዕቃውን ከተረከበው ሞተረኛ ጋር ተነጋግሮ በቀጥታ ለእሱ መላክ ነው። ሻጩ "የለም፣ ለእኔ ብቻ" ብሎ ድርቅ ካለ እኛ ብንሆን እንተወዋለን። ከላካችሁ ደግሞ የላካችሁበትን ደረሰኝና የቻቱን ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ ቻቱ ከሁለቱም ወገን ሊሰረዝ እንደሚችል አትርሱ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ስለዚህ ስክሪንሾታችሁ ዋጋ የለውም የሚላችሁን አትስሙ።

ወጪውን መቀነስስ ይቻላል? ይቻላል፤ ግን በመከራከር ሳይሆን ጉዞውን በመካፈል ነው። የሞተሩ ሒሳብ ላይ ያየነውን አስታውሱ። ሞተረኛው ወደ አያት አንድ ኮቨር ይዞ ቢሄድ 250 ይፈልጋል። ስምንት ዕቃ ይዞ በዚያው መስመር ከመገናኛ እስከ አያት እያወረደ ቢሄድ፣ ለእያንዳንዱ 80 ብር ቢቀበል እንኳ 640 ይገባዋል። እሱም ይጠቀማል፣ እናንተም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መታገስ። "ዛሬውኑ" ስትሉ ሙሉ ሞተር ተከራያችሁ ማለት ነው። "ወደ እኛ ሰፈር ሌላ ዕቃ ስትልክ አብረህ ላክልኝ፣ እስከ ዓርብ አይቸኩለኝም" ስትሉ ግን ቦታ ተጋራችሁ። ይህችን አረፍተ ነገር የሚጽፍ ገዢ ጥቂት ነው። ትንሽ ትልቅ የሆነ ሻጭ ደግሞ ቀን ለይቶ ማክሰኞ ሰሚትና አያት፣ ሐሙስ ጀሞና ሳሪስ እያለ ቢልክ ደንበኞቹ አይጠሉትም ብለን እናምናለን።

ዶርም ያላችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። የግቢው በር አንድ ነው፣ የሚያዝዘው ብዙ ነው። አምስት ሆናችሁ ከአንድ ቻናል ብታዝዙ ማድረሻው ለአምስት ይካፈላል። ቢሮ ውስጥም እንደዚሁ። ወደ ሻጩ አቅራቢያ የሚሄድ ሰው ካለ ወይም እናንተው በታክሲ በዚያ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ "ራሴ እወስዳለሁ" በሉ። ዕቃውን አይታችሁ ነው የምትከፍሉት፤ መመለሱ ላይ ያለው ጭቅጭቅም ይቀራል። ብዙ ቻናሎች አድራሻ አይጽፉም እንጂ ስትጠይቋቸው ሱቅ አላቸው።

ሎኬሽን መላክም ብር ነው። የስልክ ገለጻ ትታችሁ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ሎኬሽን ላኩ፣ የበሩን ፎቶ ጨምሩበት። ሞተረኛው ሲደውል ደጅ ሁናችሁ ጠብቁት። ሃያ ደቂቃ ያስቆመውን ደንበኛ ሞተረኛ አይረሳም፤ በሚቀጥለው ጊዜ "አያት? እዚያማ 300 ነው" የሚለው ለዚህም ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ታውቃላችሁ። አንድ ትንሽ ካርቶን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወይም ደሴ በአውቶቡስ ማስላክ ብዙ ጊዜ ከተማ ውስጥ ከዳር ዳር በሞተር ከማስላክ ያን ያህል አይበልጥም፤ አንዳንዴም ያንሳል። መንገዱ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ምስጢሩ ያው ነው፤ አውቶቡሱ እናንተ ካርቶን ላካችሁም አልላካችሁም ይሄዳል። ከፖስተኛው ጋር አንድ ናቸው። ችግሩ መናኸሪያ ድረስ መሄዱና ዕቃው ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ሻጩ የታርጋ ቁጥሩን፣ የረዳቱን ስልክ፣ የተነሳበትን ሰዓትና የካርቶኑን ፎቶ ይላክላችሁ። ደረሰኝ የሚሰጥ የአውቶቡስ ድርጅት ካለ እሱን ምረጡ። ዋጋው ከፍ ያለ ወይም ቢጠፋ የምትናደዱበት ዕቃ ከሆነ ኢትዮፖስትን ጠይቁ፤ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፣ የፈጣን መልእክት አገልግሎትም ይሰጣል፣ የመከታተያ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ መውሰድ ነው ልፋቱ።

በመጨረሻ ከውጭ ስለሚመጣው። "አሊኤክስፕረስ ላይ ድሮ ሁለት ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በነጻ ማድረሻ ይላክ ነበር፣ እንዴት ነበር የሚያዋጣቸው?" ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እዚያም ጉዞውን የሚጋራ ሌላ ሰው ነበር፤ የተቀባዩ አገር ፖስታ። እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን የተመሠረተው የዓለም የፖስታ ኅብረት አንድ አገር የሌላውን ፖስታ ተቀብሎ ሲያደርስ ላኪው አገር ስንት እንደሚከፍል ይወስናል። ታሪፉ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ዝቅ ይል ነበር፤ ቻይናም በዚያ ተጠቃሚ ሆነች። ውጤቱ አስቂኝ ነበር፤ ከሼንዠን ወደ አሜሪካ ትንሽ ጥቅል መላክ አሜሪካዊው እዚያው ለጎረቤት ከተማ ከሚልክበት ይረክስ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኅብረቱ ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ አለች፤ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ጄኔቭ ላይ ታሪፉ ከፍ እንዲል ስምምነት ላይ ተደረሰ። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነጻ መብትም ነሐሴ 2017 ላይ ለሁሉም አገር አቁማለች። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ "ሺን ላይ ዋጋ ጨመረ" ካሏችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ከውጭ የሚያስመጣው በፖስታ ሳይሆን "በኪሎ" ነው። ቻናሉ ትእዛዝ ይሰበስባል፣ ቻይና ወይም ዱባይ ያለ ሰው ይቀበላል፣ በካርጎ ወይም በሻንጣ ይመጣል። የኪሎው ዋጋ የሚታሰበው በዶላር ስለሆነ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማድረሻውም አብሮ ሄዷል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሸወዱበት ነገር አለ፤ ኪሎ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሚዛን ላይ የሚወጣው ነው። ሌላው ዕቃው በሚይዘው ቦታ የሚሰላው ነው፤ ርዝመት ሲባዛ በስፋት ሲባዛ በቁመት በሴንቲ ሜትር፣ ለ5000 ሲካፈል። አንዳንድ የአየር ካርጎዎች ለ6000 ያካፍላሉ። ከሁለቱ የሚበልጠው ነው የሚከፈለው።

ስኒከር አዘዛችሁ እንበል። ጫማው 900 ግራም ነው። ካርቶኑ 35 በ22 በ13 ከሆነ ስሌቱ 2 ኪሎ ይሰጣል። ለአንድ ኪሎ አስባችሁ ሁለት ተጠየቃችሁ። አጭበርብረዋችሁ ላይሆን ይችላል፤ የከፈላችሁት ለካርቶኑ አየር ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት "በሚዛን ነው ወይስ በቦታ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ "ካርቶኑን አውጥታችሁ በፌስታል ጠቅልሉልኝ" ማለትም ትችላላችሁ። ለስጦታ ካልሆነ በስተቀር ካርቶኑን ማን ያየዋል።